ከጅማ መንገድ እስከ መዝናኛ ፓርክ፦ ስለ ማቅለሽለሽና ራስ ማዞር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትልልቆቹን የሚሽከረከሩና የሚወነጨፉ መጫወቻዎች ለማየት ከጅማ የሚነሳ ቤተሰብ፣ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል፤ አንዳንዱም ለሥራ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ዱባይና ወደ ሌሎች አገሮች ሲሄድ እግረ መንገዱን እነዚህን ቦታዎች ይጎበኛል። በመንገድም ሆነ በመጫወቻ ላይ የሚመጣው ማቅለሽለሽ፣ ማጥወልወልና ራስ ማዞር ምንጩ አንድ ስለሆነ፣ የሚከተሉት መልሶች ሁለቱን አንድ ላይ ይመለከታሉ።

መጫወቻ ላይ ስወጣ የሚያቅለሸልሸኝ ጨጓራዬ ደካማ ስለሆነ ነው?

አይደለም። በአገራችን የሆድ ነገር ሁሉ በጨጓራ ስለሚሳበብ ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ከጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሮ የሰውነትን ሚዛን የሚከታተል ክፍል አለ፤ በዚህ ክፍል ፈሳሽ የያዙ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች ጭንቅላት ወዴት እየዞረ እንደሆነ ሲለኩ፣ አጠገባቸው ያሉ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ደግሞ በውስጣቸው ባሉ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች አማካይነት ወደፊት መገፋትን፣ መውደቅንና ማዘንበልን ይለያሉ። አንጎል ይህን መረጃ ዓይን ከሚያየውና ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ ከሚደርሰው ስሜት ጋር ዘወትር ያመሳክራል። መረጃዎቹ እስከተስማሙ ድረስ ሰው ስለ ሚዛኑ ትዝም አይለው። በአውቶቡስ ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚያይ ተሳፋሪ ግን ዓይኑ ቆመናል ሲለው ጆሮው እየታጠፍን ነው ይለዋል፤ በሚሽከረከር መጫወቻ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጆሮውም ዓይኑም ከለመዱት ውጪ የሆነ መልእክት በአንድ ጊዜ ይልኩበታል። አንጎል ይህን አለመጣጣም ማስታረቅ ሲያቅተው ምራቅ መሙላት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የፊት መገርጣትና ማቅለሽለሽ ይከተላሉ።

ሪዝንና ብራንድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1975 እ.ኤ.አ. በስፋት ያብራሩት ይህ አመለካከት ዛሬም ዋናው ማብራሪያ ሆኖ ይገኛል። ለጆሮ ድርሻ ትልቁ ማስረጃ፣ የሁለቱም ጆሮዎቻቸው የሚዛን ክፍል ሙሉ በሙሉ ሥራ ያቆመ ሰዎች በመርከብም ሆነ በመኪና እንቅስቃሴ ምክንያት አለመታመማቸው ነው፤ ጨጓራቸው እንደማንኛውም ሰው ጨጓራ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ጓደኞቼ ምንም ሳይሆኑ እኔ ብቻ የምታመመው ለምንድን ነው?

የሰው ተጋላጭነት እጅግ ይለያያል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዚህ ሕመም የሚያዙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተጋላጭነቱ እየጨመረ ሄዶ ዘጠኝና አሥር ዓመት አካባቢ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርስና በጉርምስና እየቀነሰ ይመጣል። ሴቶች ከወንዶች ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ በወር አበባና በእርግዝና ጊዜ ደግሞ ይብስባቸዋል። ማይግሬን የሚባለው የራስ ምታት ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይታመማሉ፤ በቤተሰብም የሚወርድ ነገር አለው።

ነገሩን እንደ ድክመት ወይም እንደ ፍርሃት መቁጠር ግን ስሕተት ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. በቮስቶክ 2 ወደ ጠፈር የወጣው ሶቪየታዊው ጌርማን ቲቶቭ በጠፈር ላይ በዚህ ሕመም የተያዘ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ ሥራውም የጦር አውሮፕላን ማብረር ነበር። ከእርሱ በኋላ ከወጡት ጠፈርተኞችም ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲሁ ታመዋል። ስለዚህ ከመጫወቻ ወርዶ ያስመለሰ ጎረምሳ ላይ የሚስቁ ጓደኞች ነገሩን ሳያውቁት ይስቃሉ።

ሾፌሮች ብዙ ጊዜ የማይታመሙትም ጠንካሮች ስለሆኑ አይደለም። መሪውን የያዘ ሰው መታጠፊያውን አስቀድሞ አይቶ ራሱ ስለሚያዞር፣ አንጎሉ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ቀድሞ ይጠብቀዋል። አንዳንድ ሰው ራሱ ሲነዳ ደህና ሆኖ፣ በሌላ ሰው መኪና ሲሳፈር የሚታመመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመጫወቻዎቹ ይበልጥ የሚያሳምሙት የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ከፍተኛውንና ፈጣኑን ነው፤ ነገር ግን የሚያስፈራና የሚያሳምም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አቡዳቢ ባለው ፌራሪ ወርልድ የሚገኘው ፎርሙላ ሮሳ በሐዲድ ላይ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፍ ሮለር ኮስተር ነው፤ ልብን የሚያቆም ይመስላል፤ ሆኖም ጉዞው የሚያልቀው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ስለሆነ ማቅለሽለሹ ሳይገነባ ሰው ሊወርድ ይችላል። በአንጻሩ በአንድ ቦታ የሚሽከረከሩ፣ ለልጆች የተሠሩ የሚመስሉ ስኒዎችና ወንበሮች ትልቁን ሰው ሳይቀር አስቀምጠው ያስመልሱታል። በማዞር ላይ ማዞር ያለባቸው መጫወቻዎች፣ ማለትም ወንበሩ በራሱ ዛቢያ እየዞረ ጠቅላላው መድረክም የሚዞርባቸው፣ ከሁሉም የከፉ ናቸው። በእነዚህ ላይ ጭንቅላትን ወደ ጎን ማዘንበል ወይም ጓደኛን ለማየት ድንገት ፊትን ማዞር፣ በሌላ ጊዜ ምንም የማያመጣ ቢሆንም፣ በጆሮ ውስጥ ባሉት ቱቦዎች ላይ በአንድ ጊዜ የተለያየ ግፊት ስለሚፈጥር ሕመሙን ወዲያው ያባብሰዋል።

በመርከብ ቅርጽ የተሠራውና እንደ ዥዋዥዌ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወዛወዘው መጫወቻም ቀላል አይደለም። በጥናት እንደታየው ሰውነትን ይበልጥ የሚያሳምመው በጣም ፈጣን መንቀጥቀጥ ሳይሆን፣ በአምስት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ የሚመላለስ ዘገምተኛ ውዝዋዜ ነው፤ ባሕር ላይ ያለ መርከብ የሚያሳምመውም በዚሁ ነው፤ የዚህ መጫወቻ ውዝዋዜም ለዚህ ቅርብ ነው። መሳፈር ካልቀረ መሀል ላይ መቀመጥ ይመረጣል፤ ጫፍና ጫፍ ያሉት ወንበሮች ከመሀሉ እጅግ የበለጠ ርቀት ይወጣሉ ይወርዳሉም። በዝግታ የሚዞረውና ሰው ከፍ ብሎ ከተማ የሚያይበት ትልቁ መንኮራኩር ግን በአብዛኛው አያሳምምም፤ የሚያስጨንቀው ከፍታ የሚፈሩትን ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው።

በመጨረሻ የሚጠቀሱት በስክሪን የሚሠሩት ናቸው። ወንበሩ ትንሽ ብቻ እየተነቃነቀ ዓይን ግን በስክሪኑ ሲበር ስለሚያይ፣ አለመጣጣሙ ከመንገድ የተገላቢጦሽ ይሆናል፤ ዓይን ይንቀሳቀሳል፣ ሰውነት ተቀምጧል። ዓይን ላይ የሚደረጉት የቪአር መነጽሮችም የሚያሳምሙት በዚሁ ምክንያት ነው። አሜሪካ ፍሎሪዳ በዲዝኒ ወርልድ በ2003 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሚሽን ስፔስ የተባለ መጫወቻ የጠፈር ጉዞ ለማስመሰል ሰዎችን በማዞሪያ ውስጥ አስቀምጦ በፍጥነት ያሽከረክራል፤ ብዙ ሰው ስለታመመበት በውስጡ ማስመለሻ ከረጢት የተዘጋጀ ሲሆን፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የማይሽከረከር ቀለል ያለ አማራጭ ተጨምሮለታል። ሕመሙን ከመሐንዲሶቹ ሥራ ለይቶ የተሳፋሪው ጥፋት አድርጎ ማየት ተገቢ እንዳልሆነ ይህ ብቻውን ያሳያል።

ከጅማ በማለዳ ተነስተን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጫወቻው ብንገባ ምን ችግር አለው?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይበልጥ ትኩረት የሚያሻው ይህ ነው። በእንቅስቃሴ የሚመጣ ሕመም መኪናው በቆመበት ቅጽበት ተጠራርጎ አይጠፋም። ማቅለሽለሹ በደቂቃዎች ውስጥ ሊቀልል ቢችልም፣ ሰውነት ለቀጣዩ እንቅስቃሴ ያለው ትዕግሥት ለሰዓታት ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሌላ ጊዜ ምንም የማያደርግ ቀላል መጫወቻ እንኳ ያስመልሳል። መንገድ ላይ የዋለ ሰው እስከ አፉ እንደሞላ እንስራ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ብቻ ትበቃዋለች።

የጅማ መንገድም ቀላል መንገድ አይደለም። ከሰርቦና ከአሰንዳቦ አልፎ ሰኮሩን ከተሻገረ በኋላ መኪናው በተጠማዘዘ ቁልቁለት ወደ ጊቤ ወንዝ ይወርዳል፤ በበረሃው ሙቀቱ ይጨምራል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ እንደገና በመታጠፊያ ወደ ወልቂጤ ይወጣል። ብዙ ተሳፋሪ ፌስታል የሚጠይቀው በዚህ ክፍል ነው። ከወልቂጤ ወዲያ በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎና በሰበታ አድርጎ አዲስ አበባ እስኪገባ መንገዱ በንጽጽር የተረጋጋ ቢሆንም፣ የከተማው መጨናነቅ፣ ማለትም ትንሽ ሄዶ መቆም፣ እንደገና ትንሽ ሄዶ መቆም፣ ያረፈውን ሰውነት መልሶ ይቀሰቅሰዋል።

ስለዚህ የመንገዱ ቀንና የመጫወቻው ቀን እንዲለያዩ በጥብቅ ይመከራል። በመጀመሪያው ቀን ማምሻውን ዘመድ ቤት ወይም ሆቴል ገብቶ ማረፍ፣ በደንብ መተኛትና በማግስቱ ጠዋት ወደ መጫወቻው መሄድ ከማንኛውም ኪኒን ይበልጣል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ቤተሰብ ቢያንስ ደርሶ ምሳ በልቶ ለጥቂት ሰዓታት ቢያርፍና በዚያ ቀን የሚሽከረከሩትን ቢተው ይሻለዋል። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ተጫውቶ ከሰዓት ወደ ጅማ መመለስም ያው ጥፋት ነው፤ የሚለየው ጊቤን የሚያገኙት ሰውነት በመጫወቻ ከተናጠ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው።

በአውቶቡስና በሚኒባስ የት ብቀመጥ ይሻላል?

ፊትን ወደ መንገዱ አቅጣጫ አድርጎ የሚያስቀምጥና በፊተኛው መስታወት ሩቁን መንገድ የሚያሳይ ቦታ ይመረጣል። በሚኒባስ ጋቢና ከሁሉም የተሻለ ነው፤ በትልቅ አውቶቡስ ደግሞ የፊተኛው ረድፍ፣ ካልተገኘም ከፊትና ከኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ወንበር። የመጨረሻው ረድፍ ይበልጥ ስለሚወረውር ተጋላጭ የሆነ ሰው ሊያስወግደው ይገባል፤ ከሾፌሩ ጀርባ ፊትን ወደ ኋላ አዙሮ መቀመጥም እንዲሁ። በዋዜማው መናኸሪያ ሄዶ ትኬት መቁረጥ ወንበር የመምረጥ ዕድል ይሰጣል።

መስኮት መክፈትም ትልቅ እርዳታ ነው፤ ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር ማቅለሽለሹን ያበርዳል። እዚህ ላይ ግን የአገራችን የተለመደ ክርክር ይነሳል፦ አንዱ ክፈቱልኝ ሲል ሌላው ብርድ ይመታኛል ብሎ ይዘጋዋል። የሚታመመው ሰው አስቀድሞ በትሕትና ነገሩን ለጎረቤቱ ቢናገር፣ ካስመለሰ በኋላ ከሚናገር ይልቅ መስኮቱ በቀላሉ ይከፈትለታል። ስልክ፣ መጽሐፍና ተንጠልጣይ ቴሌቪዥን ለዚያ ሰው ክልክል እንደሆኑ ሊቆጥራቸው ይገባል።

በባዶ ሆድ ልሂድ ወይስ በልቼ?

ሁለቱም ጫፎች ጥሩ አይደሉም። ባዶ ሆድ ማቅለሽለሽን አያስቀርም፤ እንዲያውም ሲያስመልስ ሐሞት ብቻ ስለሚወጣ ይበልጥ ያሠቃያል። ቅባት የበዛበት ምግብም ሆድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ችግሩን ያከብደዋል። ከመጫወቻው አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቀለል ያለ ምግብ፣ ለምሳሌ ዳቦ፣ ቅቤ ያልበዛበት ቂንጬ፣ ሙዝ ወይም ሩዝ በትንሹ መብላት ይስማማል። ውኃ በየጊዜው በትንሽ በትንሹ መጎንጨት እንጂ አንድ ጠርሙስ በአንድ ትንፋሽ መጨለጥ አይጠቅምም።

ስለ ወልቂጤ ክትፎ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ወልቂጤ የሚደረሰው ጊቤ ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ክትፎውን የበላ ሰው ከፊቱ ያለው መንገድ ብዙ አያስቸግረውም። በመልስ ጉዞ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ በንጥር ቅቤ የታሸ ክትፎ በልቶ ወዲያው ወደ ጊቤ ቁልቁለት መውረድ ለተጋለጠ ሰው የሚመከር አይደለም። በመመለስ ላይ ክትፎ የግድ ነው የሚል ሰው አስጠቅልሎ ጅማ ሲደርስ ቢበላው የተሻለ ነው።

ቡና በጅማ አይከለከልም፤ ማንም ቢከለክል የሚሰማውም የለም። ይሁን እንጂ በባዶ ሆድ የተጠጣ ጠንካራ ቡና ሆድን ስለሚያስቆጣ፣ ጥቂት ከቀማመሱ በኋላ ከአንድ ስኒ ባያልፍ ይመረጣል። በጾም ወቅት እስከ ከሰዓት ምግብ የማይቀምሱ ተሳፋሪዎችና የረመዳን ጿሚዎች ደግሞ መጫወቻውን ከማፍጠሪያው በኋላ ወይም ከጾሙ ውጪ ባለ ቀን ቢያደርጉት ይሻላቸዋል።

ሎሚ፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም በእርግጥ ይሠራሉ?

ሎሚ ማሽተት የመንገደኛ ሁሉ ልማድ ነው። ሎሚው የጆሮንና የዓይንን አለመስማማት አያስታርቅም፤ የናፍጣ፣ የላብና የሽቶ ሽታ ግን ማቅለሽለሽን እንደሚቀሰቅስ ስለሚታወቅ፣ እነዚህን የሚሸፍን ንጹሕ ሽታ የተወሰነ እፎይታ ይሰጣል። የብርቱካን ልጣጭም ያንኑ ያደርጋል። በዝንጅብል ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ነው፤ አንዳንዶቹ ማቅለሽለሽን እንደቀነሰ አሳይተዋል፣ ሌሎቹ ልዩነት አላገኙም። ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ ከጉዞ በፊት የዝንጅብል ሻይ መጠጣት ወይም ቁራጭ ዝንጅብል ማኘክ ቢሞከር አይከፋም። ጤና አዳምን ማሽተት እንደ ሎሚው ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴቶች ግን ቀቅለው ወይም ጨምቀው እንዳይጠጡት መጠንቀቅ አለባቸው። በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውና አንድ ነጥብ የሚጫነው አምባር ለመሥራቱ ጠንካራ ማስረጃ የለውም፤ እናምንበታለን የሚሉ ሰዎች ቢያደርጉት የሚጎዳቸው ነገር የለም።

ከፋርማሲ ምን ልግዛ? መቼስ ልውሰደው?

ለዚህ ሕመም የሚጠቅሙት መድኃኒቶች በአብዛኛው እንቅልፍ የሚያመጡት የቆዩት የአለርጂ መድኃኒቶች ናቸው፦ ዳይመንሃይድሪኔት፣ ሜክሊዚን፣ ሲናሪዚንና ፕሮሜታዚን። ስኮፖላሚን የተባለው ሌላ ዓይነት መድኃኒት ደግሞ በውጭ አገር ከጆሮ ጀርባ በሚለጠፍ ፕላስተር መልክ ይሸጣል፤ ይህ ከጉዞው ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ እስከ 72 ሰዓት ያገለግላል። ከእነዚህ ውስጥ በቅርብ የሚገኘውንና ለሰውየው ዕድሜና ጤና የሚስማማውን፣ እንዲሁም መጠኑን፣ የፋርማሲ ባለሙያ ወይም ሐኪም ሊወስን ይገባል።

ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይስታል። የመጀመሪያው ጊዜው ነው። ኪኒኑ ከመነሳት ወይም መጫወቻ ላይ ከመውጣት፣ እንደ ዓይነቱ፣ ከ30 ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ የተዋጠው ኪኒን ወደ አንጀት ሳያልፍ እዚያው ይቆያል፣ ወይም ከምግቡ ጋር ተመልሶ ይወጣል። ሰኮሩ ላይ ሆኖ ኪኒን መፈለግ ለጊቤ አይደርስም። ሁለተኛው የመድኃኒቱ ምርጫ ነው። ማስመለስን ለማስቆም በየቤቱ የሚቀመጠው ፕላሲል ለሌላ ዓይነት ማቅለሽለሽ ጥሩ ሊሆን ቢችልም፣ በእንቅስቃሴ ለሚመጣው እምብዛም አይረዳም። እንቅልፍ አያመጡም ተብለው የሚመረጡት አዲሶቹ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ እንደ ሎራታዲንና ሴትሪዚን ያሉት፣ በበቂ መጠን ወደ አንጎል ስለማይገቡ እንዲሁ አይጠቅሙም።

ለዚህ ሕመም የሚጠቅሙት መድኃኒቶች እንቅልፍና ድንዛዜ ስለሚያመጡ የወሰዳቸው ሰው መኪናም ሞተርም መንዳት የለበትም፤ ከአልኮል መጠጥ ጋርም አይወሰዱም። ፕሮሜታዚን ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አተነፋፈሳቸውን ሊያፍን ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም። የዓይን ግፊት ያለባቸው፣ የፕሮስቴት እጢያቸው ያደገ አባቶች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ሐኪም ሳያማክሩ ባይጀምሩ ይመረጣል። አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ መሞከር ያለበት ቤት በሚዋልበት ቀን እንጂ በመጫወቻው ሰልፍ ላይ አይደለም።

ጫት ብቅም ለመንገዱ አይረዳኝም?

ጫት ንቃት ቢሰጥም እንቅልፍን ያስቀራል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትንም ይጨምራል። እንቅልፍ ያጣና ያልበላ ሰው በማግስቱ በቀላሉ ይታመማል። ልብ በራሷ በምትመታበት መጫወቻ ላይ ይህን መጨመርም ተገቢ አይደለም።

ልጄ አይናገርም፤ ሊያስመልሰው መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ልጆች ከማስመለሳቸው በፊት ብዙ ምልክት ያሳያሉ፤ ትልልቆች ሳያስተውሉት ያልፋል። በተደጋጋሚ ማዛጋት፣ ድንገት ዝም ማለት፣ መጨቃጨቅ ወይም ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ከንፈር አካባቢ መገርጣት፣ ምራቅ ደጋግሞ መዋጥና በግንባር ላይ ቀዝቃዛ ላብ መታየት ዋናዎቹ ናቸው። ድብታና ማዛጋት ብቻቸውን፣ ያለ ማቅለሽለሽም፣ የዚህ ሕመም መገለጫ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ በመንገድ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ልጅ ደክሞት ብቻ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። ተኝቶ መጓዙ ራሱ ግን ጥሩ ነው፤ ዓይን ሲዘጋ የዓይንና የጆሮ አለመስማማት ይቀንሳል።

እንዲህ ያለ ምልክት ያሳየን ልጅ ብር ተከፍሎበታል በሚል ወደ ቀጣዩ መጫወቻ መሳብ ትክክል አይደለም። ጥላ ሥር አስቀምጦ ውኃ መስጠትና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማሳረፍ ይገባል። ልጁ አልፈልግም ካለ በዚያው ይብቃ፤ ቆይቶ እህቱን ሲያይ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፣ ባይቀይርም ምንም አይደለም። በመግቢያው ላይ የተጻፈውን የቁመት ገደብ ልጁን በእግሩ ጣት አስቁሞ ማለፍም አይገባም፤ ገደቡ ለማቅለሽለሽ ሳይሆን ለመታጠቂያው ደኅንነት የተደረገ ነው።

መጫወቻው ላይ ከተቀመጥኩ በኋላ ምን ላድርግ?

ጭንቅላትን ከመደገፊያው ጋር አጣብቆ ማቆየት ከሁሉም ይቀድማል። በሮለር ኮስተር ላይ ዓይንን ሐዲዱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማድረግ ይሻላል፤ የፊተኛው ረድፍ የሚመጣውን ስለሚያሳይ ለዚህ ይመቻል። በስክሪን በሚሠሩት ላይ ግን ሲከብድ ዓይንን መጨፈን ይረዳል። በቀስታና በጥልቀት መተንፈስ ይጠቅማል። በስልክ ራስን እየቀረጹ መሽከርከር ቀጥተኛ የማስመለሻ መንገድ ነው፤ ስልኩም የመውደቅ አደጋ አለበት።

ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት። በቀላሉ መጀመር፣ በጣም የሚፈለገውን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማድረግና የሚሽከረከሩትን ለመጨረሻ ማቆየት ይመረጣል፤ በየመካከሉም ማረፍ። ያዛጋ ሰው ሰልፉን ትቶ ይውጣ።

ከወረድኩ በኋላ ሕመሙ ካልለቀቀኝስ?

ነፋሻ ቦታ ላይ መቀመጥ ወይም ጋደም ማለት፣ ዓይንን መጨፈን፣ ጠባብ ልብስን ማላላትና ማስመለሱ ካቆመ በኋላ ውኃ በትንሹ መጎንጨት በአብዛኛው ይበቃል። ደጋግሞ ያስመለሰ ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ ኦአርኤስ ቢጠጣ የወጣውን ፈሳሽና ጨው ይተካል። መሬቱ የሚወዛወዝ መምሰሉ ለጥቂት ሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ይህ ብቻውን አያስጨንቅም።

ማዞሩ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ምንም ሳይንቀሳቀሱ ዓለም የሚሽከረከር ከመሰለ፣ አንድ ጆሮ መስማት ከቀነሰ ወይም መጮህ ከጀመረ ግን የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል፤ ጅማ ላለ ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብ ነው። ከማዞሩ ጋር ከባድ የራስ ወይም የአንገት ሕመም፣ የአንድ ወገን መድከም፣ የንግግር መጎተት፣ ድርብ ማየት ወይም ራስን መሳት ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል።

ጨርሶ መሳፈር የሌለበት ማነው?

ነፍሰ ጡር፣ የልብ ሕመም ወይም በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት፣ የአንገት ወይም የጀርባ ጉዳት ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ኃይለኛ መጫወቻዎች ላይ መውጣት የለበትም። ለእነዚህ ሰዎች ማቅለሽለሹ ትንሹ ችግር ነው።

በልምምድ ማሸነፍ ይቻላል?

በከፊል ይቻላል። አንጎል አዲስን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ሲያገኝ እየተላመደው ይሄዳል፤ መርከበኞችና አብራሪዎች የሚሠለጥኑትም በዚህ መንገድ ነው። ልምምዱ የሚሠራው ግን በጥቂቱ ተጀምሮ፣ ማቅለሽለሹ ሳይጠና ቆሞ፣ በማግስቱ ሲደገም ነው፤ እያስመለሱ መቀጠል ሰውነትን ከማላመድ ይልቅ ያስጠላዋል። ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብሎ በቀን ለጥቂት ደቂቃ ዥዋዥዌ መጫወት ወይም በአንድ ቦታ ቆሞ በዝግታ መዞር ለልጆችም ለትልልቆችም ሊረዳ ይችላል። ልማዱ ለለመዱት እንቅስቃሴ ብቻ የሚያገለግል መሆኑም መታወቅ አለበት፤ በየቀኑ በጅማ ባጃጅ የሚመላለስ ሰው ባጃጁን ለምዷል እንጂ የሚሽከረከረውን ስኒ አለመደም። ለወራት የተቋረጠ ልምምድም እየጠፋ ይሄዳል።

በአውሮፕላን ብንሄድ ይሻላል?

አቅሙ ላለው ይሻላል። ከጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ የሚደረሰው በአንድ ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሰውነት በመንገድ ሳይናወጥ መጫወቻውን ያገኛል፤ በክረምት ደመና አውሮፕላኑ ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ከክንፉ አጠገብ ያለውን ወንበር መጠየቅ ይጠቅማል፣ እዚያ እንቅስቃሴው ያነሰ ነውና። የሁሉንም ሰው ትኬት መግዛት ያልቻለ ቤተሰብ በጣም የሚታመመውን ልጅ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር በአውሮፕላን ልኮ ቀሪው በመኪና ሊሄድ ይችላል። ይህም ካልተመቸ የሁለት ቀኑ አካሄድ፣ ማለትም በመጀመሪያው ቀን መንገድ፣ በሁለተኛው መጫወቻ፣ ለሁሉም ይሠራል።